ከድንጋዩ ስም በፊት ስለቱን ማየት፦ የቨርሆቨን የቢላ አሳሳል ጥናት ከመራዊ ሲነበብ

በታጣፊ ምላጭ የሚላጭ ሰው ሳይውል ሳያድር ድንጋይ ፍለጋ ይገባል። መጀመሪያ የሚጠይቀው እንዴት እንደሚስል ነው። እጁ ትንሽ ሲለምድ በየትኛው ድንጋይ ልጨርስ ማለት ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ፍለጋው ማብቂያ የለውም። ከቤልጅየም አርደን ኮረብቶች የሚወጣው ኮቲኩል፣ የጀርመኑ የቱሪንጊያ ድንጋይ፣ የአሜሪካው አርካንሳስ፣ ከኪዮቶ አካባቢ የሚቆፈሩት የጃፓን ድንጋዮች እያንዳንዳቸው የሚምልላቸው ሰው አላቸው። ስለ እነሱ የሚጻፈው አብዛኛው ግን ምስክርነት ነው። አንዱ በዚህ ጨረስኩና ፊቴ አልተለበለበም ይላል፤ ሌላው በዚያ ጨረስኩና ለሰለሰልኝ ይላል። ፊት ጥሩ መስካሪ ነው፤ ነገር ግን ድንጋዩ ብረቱን ምን እንዳደረገው ሊናገር አይችልም።

ጆን ቨርሆቨን «የቢላ አሳሳል ሙከራዎች» በሚል ርዕስ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ጥናት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ቨርሆቨን በአሜሪካ የአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የብረታ ብረት ሳይንስ መምህር ሆኖ የኖረ ፕሮፌሰር ነው። በቢላ ሠሪዎች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ከብረት ቀጥቃጩ አልፍሬድ ፔንድሬይ ጋር የጥንቱን የደማስቆ ብረት አሠራር መልሶ ለማግኘት በደከመው ድካም ነው። ጥናቱ አጭር ነው፤ ጥያቄውም ቀጥተኛ ነው። ድንጋይ፣ የሚሽከረከር መሳያ፣ ቆዳና ቅባት ብረቱን ሲነኩት ጠርዙ ምን ይመስላል? መልሱን ወረቀት በመቁረጥ ወይም አውራ ጣትን ስለቱ ላይ በመዳበስ አልፈለገም። የተሳለውን ብረት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ እያስገባ ሁለቱን ጎኖች ፎቶግራፍ አነሣ፤ ከዚያም ስለቱን ፊት ለፊት አቁሞ የጠርዙን ውፍረት አነሣ።

መለኪያ አድርጎ የወሰደው የጂሌትን የፋብሪካ ምላጭ ነው፤ ይህ ምርጫ የጥናቱ ትልቁ ብልሃት ይመስለኛል። «ስል» የሚለው ቃል እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ለሥጋ ሻጭ ስል የሆነው ለፂም ላጭ ዱልዱም ነው። ቨርሆቨን ግን ዓለም ሁሉ ፊቱ ላይ የሚያሳልፈውን፣ ኪንግ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 ፓተንት ያገኘበትን የተጣይ ምላጭ ዝርያ ወስዶ ጠርዙን ለካ፤ ከዚያ በእጅ የተሳለውን ሁሉ ከዚያ ጋር አስተያየ። የፋብሪካው ምላጭ ጠርዝ ከግማሽ ማይክሮን ያነሰ ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይደርሳል። ስለዚህ ፀጉሩ ከሚቆርጠው ጠርዝ ከመቶ እጥፍ በላይ ይወፍራል። ይህን አንድ ቁጥር ይዞ ወደ ድንጋዩ የሚመለስ አንባቢ ስለ ድንጋይ የሚያስበው ከዚያ በፊት እንደነበረው አይሆንም።

ፎቶግራፎቹ የሚያሳዩት ዋና ነገር ሁለት ነው። የመጀመሪያው ጭረት ነው። እያንዳንዱ የድንጋይ ቅንጣት ብረቱ ላይ ትልም ያወጣል፤ ሁለቱ ጎኖች ሲገናኙ የትልሞቹ ጫፍ የስለቱ ጥርስ ይሆናል። ቁጥሩ 1000 የሆነ ድንጋይ ቅንጣቱ ከ10 ማይክሮን ስለሚበልጥ በዓይን የማይታይ፣ ፊት ግን የሚያውቀው ሻካራ ጠርዝ ይተዋል። ሁለተኛው፣ ለእኔም ይበልጥ አስተማሪው፣ እጥፋቱ ነው። ብረት ከጎኑ ሲፋቅ ጠርዙ ላይ የቀረው ስስ ቅርፊት ተቆርጦ አይወድቅም፤ ወደ ማዶ ይታጠፋል። ምላጩን ብታዞሩና ያን ጎን ብትስሉት ተመልሶ ወደዚህ ይታጠፋል። እጥፋቱ ጥሩ ስለት ሊመስል ይችላል፤ የክንድ ፀጉር ይላጫል፣ ወረቀት ይቆርጣል። ፊት ላይ ሁለት ጊዜ ሲያልፍ ግን ይወድቅና ከሥሩ የደነዘ ጠርዝ ይቀራል። «ትናንት ስዬው ዛሬ ደነዘብኝ» የሚባለው ቅሬታ በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ ማጠናቀቂያ ድንጋይ የሚባለው ሥራው ምንድን ነው? ከጥናቱ የምወስደው መልስ ይህ ነው፦ ቀድሞ የወጣውን ትልም ማሳጠርና እጥፋቱን እስከሚቻለው ድረስ ማሳነስ። አዲስ ስለት የማውጣት ሥራ የእሱ አይደለም። ሁለቱ ጎኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልተገናኙ የቤልጅየም ድንጋይም የኪዮቶ ድንጋይም ዋጋ የለውም። የድንጋዩ ቅንጣት ባነሰ ቁጥር እጥፋቱም ያንሳል፤ ነገር ግን ድንጋይ ብቻውን ጨርሶ አያጠፋውም። ያንን የሚሠራው በቨርሆቨን ፎቶግራፎች ላይ ክሮሚየም ኦክሳይድ የተቀባ ቆዳ ነው። ቅንጣቱ ግማሽ ማይክሮን ገደማ የሆነው ይህ አረንጓዴ ቅባት ቆዳ ላይ ሲሆን እጥፋቱን ያነሣዋል፣ ጠርዙንም ወደ ፋብሪካው ምላጭ ያቀርበዋል። ለዓመታት ውድ የማጠናቀቂያ ድንጋይ ሲያልም ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው። መካከለኛ ድንጋይ፣ አንድ ክንድ ጠፍርና ጥቂት ቅባት ያለው ሰው ብዙ ርቀት ይሄዳል ማለት ነው። በከተማችን በመራዊ ተቀምጦ ለሚስል ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የያዘ ጽሑፍ አላውቅም።

ይሁን እንጂ የጥናቱ ርዕስ የሚለው ቢላ ነው፤ ምላጭ ለሚስል አንባቢ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቢላ ሲሳል ማዕዘኑን የሚጠብቀው እጅ ወይም መያዣ መሣሪያ ነው። ታጣፊ ምላጭ ግን ጀርባው ራሱ ድንጋዩ ላይ ይተኛል፤ የጀርባው ውፍረትና የብረቱ ስፋት አንድ ላይ ሆነው ማዕዘኑን ይወስናሉ። ጠርዙ ላይ የሚገናኙት ሁለት ጎኖች አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 17 ዲግሪ ገደማ የሚሆኑት ሠሪው ስለወሰነው ነው። ከዚህ የተነሣ በምላጭ ላይ የማዕዘን ጭንቀት ይቀንስና የክብደት ጭንቀት ይተካል። ጎኑ በጣም ስለተቦረቦረ ብረቱ ስስ ነው፤ ጣት ጫን ካለው ይጎብጣል፤ የጎበጠ ብረት ከድንጋዩ ጋር የሚገናኘው በማይፈለግ ቦታ ነው። ቨርሆቨን ስለዚህ ምንም አይልም፤ ርዕሱም አላስገደደውም። እኛ ግን ስናነበው ይህን እያሰብን ማንበብ አለብን።

አጥብቄ የምቃወመው ስለ ንጹሕ ቆዳ የደረሰበት መደምደሚያ የሚነበብበትን መንገድ ነው። ቅባት የሌለው ቆዳ ጠርዙን እምብዛም አይለውጠውም ይላል። ያየው ግን ገና ከድንጋይ የወረደ ጠርዝ ነው። ምላጭ ተጠቃሚ ቆዳ ላይ የሚያመላልሰው በየጠዋቱ፣ ትናንት ፂም የቆረጠውን ጠርዝ ነው። አንዱ አዲስ ጠርዝን ማጠናቀቅ ነው፤ ሌላው ያገለገለ ጠርዝን ማቃናት ነው። ከመጀመሪያው ተነሥቶ ሁለተኛውን «ጥቅም የለውም» ማለት ጥናቱ ያልለካውን እንደለካ ማስመሰል ነው። ብዙዎች እንዲህ ሲጠቅሱት አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የአንባቢ እንጂ የጸሐፊው አይደለም።

ስለቱ ሲያገለግል ምን እንደሚሆን ለማየት ሌላ ሥራ መጠበቅ ነበረብን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ጃንሉካ ሮሾሊ፣ ታሄሪ-ሙሳቪና ጀም ታሳን የተባሉ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ፀጉር ብረትን እንዴት እንደሚጎዳ የሚመረምር ጽሑፍ አወጡ። ሮሾሊ የራሱን ፂም እየተላጨ ምላጩን በየጊዜው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው። ጠርዙ ቀስ በቀስ ይዶለዱማል ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር ያገኘው ሌላ ነው፤ ጠርዙ በቦታ በቦታው ተሸረፈ። ፀጉር ከምላጩ ብረት 50 ጊዜ ያህል ይለሰልሳል፤ እንዴት አድርጎ ብረት ይሸርፋል? ማይክሮስኮፑ ውስጥ ፀጉር እየቆረጡ ያዩት መልስ ሦስት ነገር ሲገጣጠም ነው የሚል ነው። ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ ሲቆረጥ፣ የብረቱ ውስጣዊ አቀማመጥ ወጥ ሳይሆን ሲቀር፣ የፀጉሩም ጎን ከዚያ ደካማ ቦታ ጋር ሲገጥም ሽርፋቱ ይወጣል።

ይህ ግኝት የቨርሆቨንን ጥናት ወደ ኋላ ሄዶ ያበራዋል። ጠርዙ ምን ያህል ስስ ነው የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምን ያህል ወጥ ነው የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት። ጽሑፉ ስለ መሳያ ድንጋይ የሚለው ነገር የለም፤ ነገር ግን እኔ ከሁለቱ የምደርስበት ግምት ጠርዝ ድረስ የዘለቀ አንድ ጥልቅ ጭረት ሽርፋት የሚጀምርበት ደካማ ቦታ ይሆናል የሚል ነው። ማጠናቀቂያ ድንጋይ ሲመረጥ ከቅንጣቱ ማነስ ይልቅ የቅንጣቱ እኩልነት ቀድሞ መታየት ያለበትም ለዚህ ነው። አማካይ ቅንጣቱ አነስተኛ ሆኖ መካከሉ አንድ ትልቅ ጠጠር ያለበት ድንጋይ፣ ሁሉም መካከለኛ ከሆነበት ድንጋይ የባሰ ይጎዳል።

ይህን መራዊ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማችን፣ ዙሪያዋን ያለውም የሜጫ መሬት፣ ከጣና ደቡብ እስከ እንጅባራ በተዘረጋው የወጣት እሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። በየእርሻው ዳር የተከመረው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ሰብረው ቢያዩት ውስጡ የእንፋሎት ቀዳዳ አለው፤ አንጸባራቂ ነጫጭና አረንጓዴ ክሪስታሎች፣ አንዳንዱ የስንዴ ፍሬ የሚያህል፣ በደቃቅ ጥቁር ሊጥ መካከል ተሰክተዋል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ለወፍጮ ይሆናል፤ በጣና ዳር ያሉ ወይጦዎችም የወፍጮ ድንጋይ በመጥረብ ሲታወቁ ኖረዋል። ዳጉሳና ጤፍ ሲደርስ ለማጭድም ይሆናል። አጫጁ ከማሳው ዳር ተቀምጦ ድንጋዩን በውሃ አርጥቦ ማጭዱን ሳብ ሳብ ሲያደርግ የሚያወጣው ስለት ጥርሳም ነው። ጥርሳም መሆኑም ለሥራው ተስማሚ ነው፤ አገዳ የሚቆረጠው በመሳብ ነው፣ ጥርሱም አገዳውን ይይዛል። እዚያው ድንጋይ ላይ ምላጭ ያስተኛ ሰው ግን አንዷ ክሪስታል ጠርዙን ገምሳው ያያል።

የቨርሆቨን መለኪያ ጉድለት የሚታየው ከማጭዱ ጎን ሲቆም ነው። ጥናቱ ስለት ማለት የጠርዝ ስስነት ነው ብሎ ይነሣል፤ ለፂም ልክ ነው። ለአጨዳ፣ ለሥጋ፣ ለገመድ ግን የጠርዙ ሻካራነት ራሱ ሥራ ነው። ቢላ በሚል ርዕስ የተጻፈ ሥራ የምላጭን መመዘኛ ለሁሉም ማልበሱ ቢያንስ አንድ ገጽ ማብራሪያ ይገባው ነበር።

ሌላው የጎደለው እጅ ነው። ሳይንሳዊ ሙከራ የሰውን ልዩነት ማስወገድ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ማዕዘንና ግፊት ካልተገደቡ ውጤት አይወዳደርም። ነገር ግን እዚሁ አገራችን ውስጥ የተሠራ ጥናት እጅ ስለት ላይ ተጽፎ እንደሚቀር አሳይቷል። ካትሪን ዊድማን አርተር በጋሞ ቆዳ ፋቂዎች የድንጋይ መፋቂያዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ጽሑፍ፣ በመፋቂያው ጠርዝ ላይ የሚወጣው ሹል ጉጥ የሠሪው ልምድና ዕድሜ ምልክት ሆኖ ተገኘ፤ የሚበዛው ጀማሪዎችና ጉልበታቸው የደከመ አዛውንቶች በሠሩት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ስለ ኮንሶ ሴት ቆዳ ፋቂዎች ስትጽፍ ጥሩውን ድንጋይ ከሩቅ እንደሚያመጡ፣ ቀርጸው በብልሃት እንደሚገለገሉበት አሳየች። ድንጋይ መምረጥና ጠርዝን ማደስ ዕድሜ ልክ የሚገነባ ዕውቀት መሆኑን ከእነዚህ ሴቶች በላይ የሚያስረዳ የለም። የቨርሆቨን ጥናት ድንጋዩ ምን እንደሚያደርግ ይነግረናል፤ የሰውየው እጅ ድንጋዩን ምን እንደሚያደርገው አይነግረንም። ታጣፊ ምላጭ የያዘ ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል።

ስለ ፀጉር ቤት አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። መራዊ ውስጥ ያሉ ፀጉር አስተካካዮች ታጣፊ ምላጭ አይስሉም፤ የፋብሪካ ምላጭ ለሁለት ሰብረው ግማሹን መያዣ ውስጥ ያስገባሉ፣ ለሚቀጥለው ሰው ይቀይራሉ። ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ በጋራ ስለት እንደሚተላለፉ ሕዝቡ ከተማረ ወዲህ ይህ ልማድ ሕይወት አድኗል፣ መቀጠልም አለበት። ቨርሆቨን የሚያወድሰው ቅባታም ቆዳ ለዚህ ቦታ አይሆንም። ድንጋይ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ቆዳ ውስጥ የገባ ደም ግን አይወጣም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ አንድ ሰው ለራሱ ፊት ብቻ ስለሚይዘው ምላጭ ነው።

ጥናቱን ከነጉድለቱ አንብቤ ለጀማሪ የምመክረው አጭር ነው። መጀመሪያ 1000 በሚባል ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሁለቱ ጎኖች መገናኘታቸውን ማረጋገጥ። ለማወቅ ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ መስኮት ዳር መያዝ ይበቃል፤ ጠርዙ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ነጥብ ካለ እዚያ ቦታ ገና አልተገናኘም። ቀጥሎ 8000 ገደማ የሆነ ድንጋይ፣ በውሃ ብቻ፣ የምላጩ የራሱ ክብደት እስኪቀር ግፊቱን እየቀነሱ፣ ስለቱን ወደ ፊት አስቀድሞ መግፋት። መመለሻው ላይ ምላጩ የሚገለበጠው በጀርባው ነው፤ በስለቱ ያገላበጠ ሰው ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከድንጋዩ ቀጥሎ ቆዳ ላይ ሲኬድ አቅጣጫው ይቀየራል፣ ጀርባው ይቀድማል። ከሁሉ በፊት ግን ድንጋዩ ለጥ ያለ መሆን አለበት። በእርሳስ መስመር አሥምሮ መስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ማሸት፤ መስመሩ ሁሉ እኩል ከጠፋ ድንጋዩ ተስተካክሏል።

የተፈጥሮ ማጠናቀቂያ ድንጋይ ለሚፈልግ ቁጥር አይሠራለትም፤ በዚህም ላይ የቨርሆቨን ጥናት ዝም ይላል፤ የሠራው በቁጥር በተለዩ ሰው ሠራሽ ድንጋዮች ነውና። ኮቲኩል ውስጥ ያሉት የጋርኔት ክሪስታሎች በርካታ ማይክሮን ይደርሳሉ፤ በቁጥር ቢመዘኑ መካከለኛ ድንጋይ በሆኑ ነበር። ቅርጻቸው ግን ብዙ ፊት ያለው ድብልብል ስለሆነ ብረቱን በጥልቀት አይቧጥጡም። የቱሪንጊያው ደግሞ በንጣፍ በንጣፉ የሚሰነጠቅ፣ ስሌት የሚባል ድንጋይ ሲሆን ደቃቅና ወጥ ነው። የዚህ ዓይነት ድንጋይ በእኛ ባዛልት ውስጥ አይፈለግም፤ አገራችን ውስጥ የለም ማለት ግን አይደለም። በትግራይ የተንቤን ጥንታዊ አለቶች ውስጥ ስሌት አለ። ከዚያ የመጣ፣ ጅማት የሌለበት፣ ጥፍር ሲሄድበት የማያንገራግር አንድ ቁራጭ ተለዝቦ የምላጩ ግማሽ በእሱ፣ ሌላው ግማሽ በታወቀ 8000 ድንጋይ ቢጨረስ፣ ሁለቱም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፊት ለፊት ቢታዩ፣ ቨርሆቨን እ.ኤ.አ. በ2004 ያልሠራው ሙከራ ይሠራ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ምላጭ፣ አንድ ቁራጭ ድንጋይና ማይክሮስኮፑ ያለው ቤተ ሙከራ ነው።